እንግዳ አይተረብም

ጥፋቱ የስታይኑን ነው፤ እሷም አትክድም። አይስላንድ ውስጥ ያለችው የኬልዱቪክ መንደር ቅርጫት ኳስ ክለብ ሊቀመንበር ሆና አሜሪካዊ ተጫዋች በስልክ ስታዝ፣ ወኪሉ ስለ ልጁ ማወቅ የምትፈልጉት ነገር አለ ወይ ብሎ ቢጠይቃት ሦስት ነገር ጠየቀችው። ዓሣ ይበላል? ከልጆች ጋር ይግባባል? ንፋስ ያማርረዋል? ወኪሉ ዓሣውንም ልጆቹንም አዎ አለ። ስለ ንፋሱ ማንም ጠይቆት ስለማያውቅ አሰብ አደረገና ይችለዋል አላት። እሷም በል እንግዲያው ላከው ብላ ስልኩን ዘጋች። ቁመቱን አልጠየቀችም። ደግሞስ ማን ይጠይቃል? ከዚያ በፊት ወደ መንደሩ የመጡት አሜሪካውያን በሙሉ በር ሲገቡ ጎንበስ የሚሉ ነበሩ። በግ ሲገዛ ጠጉር አለው ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው የለም።

በመስከረም መጀመሪያ ትንሿ አውሮፕላን ከጎን በሚመታ ንፋስ እየተንገዳገደች አረፈች። ስታይኑን የመኪናዋን የፊት ወንበር እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ገፍታ፣ አናጢው ግሪሙርም የእንግዳውን አልጋ በአንድ ክንድ አስረዝሞ ነው የጠበቁት። ተሳፋሪዎቹ አንድ በአንድ ወረዱ። ነርሷ ወረደች፣ የባንኩ ሰው ወረደ፣ ሁለት ዓሣ ነጋዴዎች ወረዱ፤ በመጨረሻም የተሸከመው ቦርሳ ከራሱ የሚበልጥ የሚመስል አንድ ጥቁር ወጣት ወረደ። ስታይኑን በትከሻው ላይ አሻግራ ከኋላው የሚወርደውን ረጅም ሰው ጠበቀች። ፓይለቱ ወረደና በሩን ዘጋው።

«ዴስመንድ ማለት አንተ ነህ?» አለችው።

«እኔ ነኝ።»

«ሌላ ዴስመንድ የለም?»

«እኔ እስከማውቀው የለም።»

ስታይኑን ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው፤ እይታው ጊዜ አልፈጀባትም። «እሺ» አለች፤ «ዓሣ ትበላለህ አይደል?»

ዴስመንድ ፕራይር ያንን አስተያየት ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ቁመቱ አንድ ሜትር ከሰባ ነው፤ እሱም ከነጫማው ተለክቶ። የተወለደው ያንግስታውን ነው፤ የብረት ፋብሪካዎቿ ተዘግተው ወንዶቿ በረንዳ ላይ ተቀምጠው የቀሩባት ከተማ። እናቱ ቨርኔታ በሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል እየሠራች ብቻዋን አሳደገችው። ልጁ ኳስ ይችላል፤ ይሄን ማንም አይክድም። ግን በየዓመቱ አሰልጣኞች የተመረጡትን ስም አዳራሹ በር ላይ ሲለጥፉ የሱ ስም አይኖርም፤ ትከሻውን መታ መታ ያደርጉና «ምን ዋጋ አለው፣ አንድ ስንዝር ብትጨምር ኖሮ» ይሉታል። አንድ ትንሽ ኮሌጅ ተቀበለው፤ እዚያ ሁሉንም አሳየ። ከዚያ በኋላ ሁለት ትልልቅ ክለቦች ለሙከራ ጠሩት፤ ሁለቱም በሳምንቱ ቀነሱት። ወደ አይስላንድ ሲነሳ ለእናቱ ቁርጡን ነገራት። ከዚህም ከመለሱኝ ጫማዬን ሰቅዬ የአጎቴ ጎማ ቤት እገባለሁ አላት። እና ይዞት በመጣው ቦርሳ ውስጥ የነበረው ልብስ ብቻ አልነበረም፤ የመጨረሻ ዕድሉ ነበር።

እዚህ ያገኘው ቡድን ቀን ቀን የየራሱ ሥራ ያለው ቡድን ነው። ሁለት ዓሣ አጥማጆች፣ አንድ በግ አርቢ፣ የባንኩ ሰው፣ ግሪሙር። ግሪሙር ሁለት ሜትር ሊሞላ ጣት የቀረው ሰው ነው፤ ችግሩ ጉልበቶቹ ናቸው። ዘሎ ሲያርፍ እንደ አሮጌ በር ይንቋቋሉ፤ ሁለተኛ ለመዝለል ፈቃድ አይሰጡትም። ታዲያ ቅርጫቱ ሥር የሚቆም ረጅም ሰው ከውጭ ማምጣት የመንደሩ ልማድ ነበር፤ ደንቡ ደግሞ ለአንድ ክለብ አንድ የውጭ ተጫዋች ብቻ ነው የሚፈቅደው። ያችን አንዲት ቦታ አሁን አጭር ሰው ያዛት። አሰልጣኙ ብራጊ በትምህርት ቤቱ ሒሳብ ያስተምራል፤ በጨዋታ ቀን ደግሞ የቡድኑን ሚኒባስ ይነዳል። ይሄን ስሌት እንኳን ሊውጠው፣ ሊያላምጠውም አልቻለም።

የመጀመሪያው ጨዋታ ላይ ዴስመንድ ሰው አደናገረ። ኳሷን ከመሬት ስንዝር ታህል ብቻ እያነሳ ሲያነጥራት፣ ረጃጅሞቹ ተጋጣሚዎች ለመጎንበስ እስኪያስቡ እሱ አልፏቸው ሄዷል። የቡድኑን ግማሽ ነጥብ ብቻውን አገባ፤ አሸነፉም። ጨዋታው ሲያልቅ ፊቱን እያበሰ በሕዝቡ መሃል ቀስ ብሎ አለፈ፤ እንዲያው አንድ ሰው ምን ይለኝ ይሆን ብሎ። አንዲት አሮጊት የጫማህ ማሰሪያ ተፈቷል አለችው። አንድ ሽማግሌ ነገ ከሰሜን ንፋስ ይነሳል አለው። ሌላው ጸጥ። ማታ ለእናቱ ደወለና ጠልተውኛል አላት።

ምስኪን፣ ምን ያውቃል። እዚህ አገር ምስጋና እንደ ወርቅ ተቆጥቦ ነው የሚወጣው። ሰው የሚታማውም የሚመሰገነውም፣ የክለቡም የመንግሥትም ጉዳይ የሚቆረጠው መዋኛው አጠገብ ካለው ፍል ውሃ ገንዳ ውስጥ ነው፤ እስከ አንገት ተነክሮ፣ በረዶ ራስ ላይ እየወረደ። ዴስመንድም ሌላ መሄጃ ስላልነበረው እዚያ ሄደ። ከመግባቱ በፊት ልብስን ሙልጭ አድርጎ አውልቆ በሳሙና መታጠብ ግዴታ ነው። እሱ ግን አፍሮ በመዋኛ ቁምጣው ላይ ውሃ ረጨና ወጣ። የወንዶቹ መታጠቢያ ጠባቂ መለሰው። ቁምጣውን ጉልበቱ ድረስ አውርዶ እንደገና ሞከረ። ጠባቂው አሁንም መለሰው። በመስታወቱ ውስጥ ግማሽ መንደር እያየ ነበር፤ ማንም አልሳቀም። አለመሳቃቸው የባሰ ነገር እንደሆነ አሰበ።

ጠዋት ጠዋት ሥራ መፍታት ሲሰለቸው ዓሣ ፋብሪካ ገባ። ስታይኑን እዚያ የፈረቃ አለቃ ናት። ሦስት ሻርፕ ደርቦ የዓሣ ራስ ይቆርጣል፤ እጁ ፈጣን ስለሆነ ሴቶቹ አጠገባቸው አቆሙት። አንድ ቀን ሻይ ላይ፣ ሰዎቹ ለምን እንደማይወዱኝ ንገሪኝ አላት። ስታይኑን ዳቦዋን እስክትውጥ አሰበችበት።

«ባንወድህማ እንነግርህ ነበር» አለችው።

ከገና በፊት ነገሩ ተበላሸ። ረጃጅም ቡድኖች ጋ ሲደርሱ ቅርጫቱ ሥር የሚቆምላቸው ጠፋ፤ ዴስመንድ የቱንም ያህል ቢያስቆጥር ወዲያ በላዩ ላይ ያስቆጥራሉ። ብራጊ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሒሳብ አስተማሪ ነው። ቤቱ ድረስ ሄዶ ፊት ለፊት ነገረው። ሁለት ሜትር ከስምንት የሆነ ሰው ተገኝቷል፤ የዝውውር ምዝገባው በጥር መጨረሻ ይዘጋል፤ ከዚያ በፊት ቦርዱ ይወስናል። እኔ እሱን ነው የምመርጠው፣ ከሰው አፍ እንዳትሰማው ብዬ ነው አለው። ዴስመንድ አመሰገነው። በሩን ዘግቶ ግን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። የጎማ ሽታ ካሁኑ ሸተተው።

በጥር መጨረሻው ቅዳሜ ደግሞ ቶሪ የሚሉት የብርድ ወራት ድግስ አለ። የስፖርት አዳራሹ ወለል ምንጣፍ ይለብሳል፣ ቅርጫቶቹ ወደ ላይ ይታጠፋሉ፣ መንደሩ በሙሉ ለተለበለበ የበግ ራስና ዓይን ለሚያስለቅሰው የሻርክ ሥጋ ይቀመጣል። ዋናው ነገር ግን ምግቡ አይደለም፤ ጭውውቱ ነው። አንድ ኮሚቴ ሳምንታት ሙሉ በድብቅ ያዘጋጅና ዓመቱን ሙሉ የተሞኘውን፣ የወደቀውን፣ የተጣላውን ሁሉ መድረክ ላይ አውጥቶ ይተርባል። ሰው ሁሉ እንዳይተረብ የሚፈራ ይመስላል። ውሸት ነው፤ የሚፈራው እንዳይዘለል ነው። እንግዳን መተረብ ነውር ስለሆነ እንግዳ ይዘለላል። ሐኪሙ ከዋና ከተማው ከመጣ ስድስት ዓመት ሆኖት አንድም ቀን አልተተረበም፤ በአምስተኛው ዓመት ሚስቱ ቤቷ ገብታ አለቀሰች ይባላል።

ዴስመንድ ይሄን ሁሉ የሚነግረው አልነበረም። እሱ ያየው ሌላ ነው። ፋብሪካው ሻይ ቤት ሲገባ ወሬ ይቋረጣል። ግሪሙር የልምምድ ጃኬቱን ተዋሰውና ለምን እንደሆነ አልናገር አለ። ሴቶቹ አረማመዱን ያዩና ዞር ይላሉ። ወስነዋል፣ ሊነግሩኝ አፍረው ነው አለ በልቡ። ቅዳሜ ከመውጣቱ በፊት ቦርሳውን አዘጋጀ።

ከበግ ራሱ በኋላ ጭውውቱ ተጀመረና ቄሱ ተተረበ፣ የባንኩ ሰው ተተረበ። ቀጥሎ ግሪሙር በጉልበቱ እየሄደ ወጣ። ጉልበቶቹ ላይ የስፖርት ጫማ አስሯል፣ የዴስመንድን ጃኬት ለብሷል፣ ሦስት ሻርፕ ጠምጥሟል፣ ከላይ ደግሞ ቁምጣ ደርቦ ሳሙና ይዟል። በአንድ በኩል ብራጊን ሆኖ የሚጫወተው ሰው የባንዲራ እንጨት አቅፎ ይለማመጠዋል፤ እንጨቱን ቅርጫቱ ሥር ያቆመዋል፣ ትንሽ ብቻ ዝለልልኝ ይለዋል። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ብራጊ ራሱ እንባውን ይጠርጋል። ዴስመንድ ግን የባንዲራውን እንጨት አላየም፤ ያየው ጉልበቶቹን ብቻ ነው። በያንግስታውን የትምህርት ቤት ግቢም ልጆች እንዲሁ ተንበርክከው ይከተሉት ነበር። ተነስቶ ወጣ።

ስታይኑን ካፖርት መስቀያው ክፍል ውስጥ ደረሰችበት። ምን ሆነህ ነው ስትለው ካፖርቱን እየለበሰ መለሰላት።

«ልትሸኙኝ ከሆነ በሰላም ሸኙኝ። መሳቂያ አድርጋችሁ መሸኘት ምን የሚሉት ነው?»

ስታይኑን ከልቧ ግራ ገባት። «ማን ነው የሚሸኝህ? ቦርዱ ሐሙስ ዕለት ወሰነ እኮ። ትቆያለህ።»

«ማንም አልነገረኝም።»

«አሁን እየተነገረህ አይደል እንዴ? ግሪሙር በዚያ ጉልበቱ የሚንበረከከው ለሚሄድ ሰው መሰለህ? እንግዳ እዚህ አይተረብም። ሐኪሙን ጠይቀው፣ ሲጠብቅ ጸጉሩ ሸበተ።»

ዴስመንድ ካፖርቱን መልሶ ሰቀለ። ዕድሜውን ሙሉ የፈለገው «ትቆያለህ» የሚል ቃል ነበር፤ በዚህ መንገድ ይመጣል ብሎ ግን አላሰበም። ፊቱን ታጥቦ ተመልሶ ገባ። መጀመሪያ በግድ ሳቀ። የባንዲራው እንጨት እንደገና ብቅ ሲል ግን ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ሻርኩን ሳይቀር ቀመሰው፤ ከዚያ በኋላ አልቀመሰውም።

ብራጊም አንዴ ከተወሰነ በኋላ ወንድ ነው፤ ስሌቱን እንደ አዲስ ጀመረ። ረጅም ከሌለን እንግዲህ እንሩጥ አለ። ሮጡ። የኬልዱቪክ ዓሣ አጥማጆችና በግ አርቢ በሊጉ ውስጥ ከማንም በላይ የሚሮጡ ሆኑ፤ ዴስመንድ ከፊት፣ ግሪሙር ከኋላ እያለከለከ። በሁለተኛው ዓመት ረጃጅሞቹ ክለቦች የዚህችን መንደር ስም ሲሰሙ ማማረር ጀመሩ። በሦስተኛው ዓመት የገና በዓል ሳይደርስ ኬልዱቪክ የሊጉ መሪ ሆነች። ዴስመንድ ከሠላሳ በታች ያስቆጠረ እንደሆነ ፍል ውሃው ውስጥ ልጁ ጉንፋን ይዞት ይሆን እንዴ ይባላል። ቋንቋውንም ይዟል፤ ሕፃናቱንም ያሠለጥናል፤ ለመታጠብም ቁምጣውን ያወልቃል።

ስልኩ የተደወለው በዚያው የውድድር ዓመት፣ በጥር ሦስተኛ ሳምንት ነው። ጀርመን አገር ያለ፣ ስሙን ማንም የሚያውቀው ክለብ ነው። ኳስ አከፋፋያቸው ተጎድቶባቸው ተተኪ በአስቸኳይ ይፈልጋሉ። ዴስመንድን ሦስት ጊዜ መጥተው አይተውታል፤ ቁመቱንም አይተውታል። እስከሚመጣው ሰኞ ይፈርም፣ ምዝገባው ከመዘጋቱ በፊት ይብረር አሉ።

ለዚህ ነበር እኮ የኖረው። አዳራሽ በር ላይ ስሙን የዘለሉት አሰልጣኞች ሁሉ ይሰማሉ። ትከሻውን መታ መታ ያደረጉት ሁሉ በቴሌቪዥን ያዩታል። ልቡ ከደስታ ብዛት አላስቀምጥ አለው። ጠዋት ፋብሪካ ገብቶ በዓሣ ሣጥኖቹ መሃል ለስታይኑን ነገራት፤ የምሄድ ይመስለኛል አላት። እሷ ጓንቷን አወለቀች፣ እጇን በሽርጧ ጠረገች፣ ጨበጠችው። ትልቅ ክለብ ነው፣ ይቅናህ አለችው። አንድ ቃል ትጨምራለች ብሎ ጠበቀ። ጓንቷን መልሳ አጠለቀች።

እስከ ምሳ ሰዓት መንደሩ በሙሉ ሰማ። የባንኩ ሰው እዚያ ብርዱ ቀለል ይላል አለው። ብራጊ መጀመሪያ ከተቀያሪ ወንበር ያስጀምሩሃል፣ በኋላ ግን ሰዓቱን ታገኛለህ አለ። ግሪሙር የትኛው ከተማ ነው ብሎ ጠየቀና ስለ ከተማዋ ቢራ አወራ። የሚያሠለጥናቸው ሕፃናት እንኳ ዝም አሉ፤ ወላጆቻቸው ሰውየውን እንዳታስቸግሩት ብለዋቸዋል። አንድም ሰው አትሂድ አላለውም። እዚህ እንዲህ ነው። ባሕር የሚወጣን ሰው ሚስቱ አትሂድ አትለውም፤ እግር ማሰር ነው፣ ገድም አይደለም። ዴስመንድ ሦስተኛ ዓመቱን ይዞ ብዙ ነገር ተምሯል፤ ይቺን ግን አልተማራትም። ቀኑ በቀረበ ቁጥር ደስታው ጎደለ፣ በቦታው ቅሬታ ገባ። ለካስ ለእነዚህ ሰዎች ምንም አይደለሁም አለ።

አርብ ለእናቱ ደወለ። አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ አትሂድ ቢለኝ እቀር ነበር አላት። ቨርኔታ ለመናገር የማትቸኩል ሴት ናት።

«ማንም ካላለህስ?»

«እሄዳለኋ።»

«የኔ ልጅ፣ ሰዎች እስኪመርጡህ ስትጠብቅ ነው ያደግኸው፤ አልፈርድብህም። አሁን ግን መራጩ አንተ ነህ። እስቲ አንድ ቀን እንኳ ምን እንደምትፈልግ ሰው ሳይነግርህ እወቀው።»

በማግስቱ የቶሪ ድግስ ነበር። ዴስመንድ ሸሚዙን ተኩሶ ገባና የተለመደ ቦታው ተቀመጠ። ስለ መሄዱ ቢከፋውም አንድ ነገር በጉጉት ይጠብቅ ነበር፤ በዚህ ዓመት ያልሠራው ጉድ የለማ። በመከር በጎች ሲሰበሰቡ ሲያግዝ የሌላ ሰው አውራ በግ አቅፎ አልለቅም ብሎ ከባለቤቱ ጋር ተጓትቷል። ወደቡ ላይ ለሕፃናቱ እያወራ የኋሊት ሲሄድ ባሕር ውስጥ ገብቷል፤ በመረብ ነው ያወጡት። ኮሚቴው በዚህ ብቻ ሰዓት ሙሉ መሥራት ይችላል።

ጭውውቱ ተጀመረ። ቄሱ ተተረበ። ብራጊ ተተረበ። ስታይኑን ከፋብሪካው ድመት ጋር ያደረገችው ጦርነት ቀረበ። ከዚያ፣ ጉድ በል፣ ሐኪሙ ተተረበ። በረዶ ላይ ወድቆ ራሱን ሲያክም የሚያሳይ ነበር። ሐኪሙ ከመቀመጫው ተነስቶ እጁን ወደ ላይ ዘረጋ፤ ሚስቱ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፤ አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ። ዴስመንድም አጨበጨበ፣ የሚቀጥለው እኔ ነኝ ብሎ ተስተካክሎ ተቀመጠ። ኮሚቴው መድረኩ ላይ ተሰልፎ እጅ ነሳ። አለቀ። አኮርዲዮን ተጫዋቹ መሣሪያውን አነሳ፤ ወንዶቹ ለጭፈራ ጠረጴዛ መግፋት ጀመሩ።

ወደ እሱ ጠረጴዛ ማንም አያይም ነበር። ዴስመንድ ስሙ የሌለበት ወረቀት በር ላይ ተለጥፎ ያየባቸውን ዓመታት ሁሉ ያውቃል፤ አንዳቸውም እንዲህ አላመሙትም። ያኔ የዘለሉት የማያውቁት ሰዎች ናቸው። እናቱ የጠየቀችውን ነገር፣ የሚፈልገውን፣ እዚያው ተቀምጦ አወቀው። ተነሳ።

«እኔስ?» አለ በነሱ ቋንቋ።

አኮርዲዮኑ ቆመ። ጠረጴዛ የያዙት እንደያዙ ቀሩ። ሰው ሁሉ ስታይኑንን አየ።

«አንተማ ትሄዳለህ» አለች ስታይኑን፤ በድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም። «የሚሄድ ሰው እንግዳ ነው።»

«ይሄን ሁሉ ቀን ጠበቅሁ። አንድ ሰው እንኳ አትሂድ አላለኝም።»

«ሂድም አላልንህ። እኛ የሰው እግር አናስርም።» ልትቀመጥ አለችና ተወችው። እጆቿን የት እንደምታደርጋቸው ጠፋት። «ብትሄድ ይከፋኛል። በጣም ይከፋኛል። በቃ፣ አልኩት።»

ስታይኑን በሰው ፊት እንዲህ ስትናገር የሰማ የለም፤ ባሏ እንኳ አንገቱን አዙሮ አያት። ብራጊ መሬት መሬት እያየ እኔንም ይከፋኛል አለ። የባንኩ ሰውም የሆነ ነገር አጉረመረመ። ከዚያ ከመድረኩ ጎን፣ ከተዘጋው የልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ፣ የግሪሙር ድምፅ መጣ።

«ወሰናችሁ ወይስ አልወሰናችሁም? ከሾርባው ጀምሮ ተንበርክኬአለሁ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ለካስ ኮሚቴው ምናልባት ይቀር ይሆናል ብሎ አዘጋጅቶት ኖሯል። ዴስመንድ እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ በማይለይበት ሁኔታ እጁን አነሳ።

«አልሄድም» አለ። «አውጡት።»

ግሪሙር በጉልበቱ ወጣ፤ በአንገቱ መረብ፣ በእቅፉ የአሻንጉሊት በግ። ወደቡም መጣ፣ አውራ በጉም መጣ። ብቻቸውን አልመጡም፤ ማንም አላየኝም ያላቸው ነገሮችም አብረው መጡ። ዓሣ ሲቆርጥ ለራሱ የሚዘፍነው ዘፈን፣ ቋንቋውን ከዓሣ ሣጥን ጽሑፍ እየለቀመ ያጠናባቸው ወራት ቀረቡ። ቀጥሎ አንዲት ሴት ፊሽካ አንጠልጥላ የመዋኛውን ጠባቂ ሆና ወጣች፤ ግሪሙር የሚጫወተው ዴስመንድ እሷ ተረኛ በሆነችበት ቀን ሁሉ ሊዋኝ ይመጣል፤ መዋኘት ግን አይችልም፣ ጥግ ይዞ ቆሞ ሰላም ይላታል። የአዳራሹ ዓይን በሙሉ ወደ መዋኛው ጠባቂ ወደ ኦድኒ ዞረ። ኦድኒ ፊቷ ደም መሰለ፤ ግን ወንበሯን ይዛ ወደ ዴስመንድ ጠረጴዛ መጣችና ተቀመጠች። ይሄንንም በሚቀጥለው ዓመት ተረቡት።

ኬልዱቪክ በዚያ ዓመት ሊጉን አሸነፈች፤ በታሪኳ እንዲህ ያለ ነገር አይታ አታውቅም። ዴስመንድ ጸጉሩ እስኪሳሳ ተጫወተ፤ ዜግነት ወሰደ፣ ኦድኒን አገባ፣ ክለቡ ውስጥ በነጥብ የሚደርስበት አልተገኘም። ዛሬ እሱም እስከ አንገቱ ፍል ውሃው ውስጥ ተነክሮ አዲስ በመጣው አሜሪካዊ ላይ ይፈርዳል፤ ልጁ ጎበዝ ነው፣ አይነግረውም እንጂ።

ያኔ፣ ከድግሱ በኋላ ሰኞ ጠዋት ግን ጀርመኖቹ ጋ መደወል ነበረበት። ስታይኑን ቢሮዋን ለቀቀችለትና በሩ ጋ ቆመች። ከወዲያ ያነሳው ሰው ትሑት፣ እርስዎ እያለ የሚያናግር ነበር። ዴስመንድ እንደማይመጣ ነገረው። ሰውየው ማመን አቃተው፤ ሌላ ክለብ በልጦን ነው ወይ አለ፤ አይደለም። ታመው ነው ወይ አለ፤ አይደለም። ቅር ካላለዎት ምክንያቱን ይንገሩኝ አለው። ዴስመንድ እንዴት እንደሚያስረዳው ቸገረውና እንዲሁ የሆነውን ተናገረ።

«ቅዳሜ ዕለት መንደሩ በሙሉ ሳቀብኝ።»

ሰውየው ደነገጠ። ከልቡም አዘነ። «በጣም ያሳዝናል» አለ፤ «እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር ፈጽሞ አይደርስብዎትም።»

«አውቃለሁ» አለ ዴስመንድ። «ለዚህ እኮ ነው የማልመጣው።»